ተመድ ጦርነትን ለምን አያስቆምም? የጸጥታው ምክር ቤት አወሳሰን ሲብራራ

ስለ ዩክሬንና ስለ ጋዛ ጦርነቶች በአማርኛ የሚደረገውን ክርክር የተከታተለ ሰው፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ካፌ የሚነሣውም ሆነ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚጻፈው ሐሳብ ደጋግሞ በአንድ ጥያቄ ላይ ሲጋጭ ያገኘዋል። ጥያቄው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በአጭሩ ተመድ፣ ምን አለ የሚለው ነው። አንዱ «ተመድ ሩሲያን በ141 ድምፅ አውግዟል» ይላል፤ ሌላው «ተመድ ሩሲያን ማውገዝ አልቻለም» ብሎ ይመልሳል። አንዱ «ተመድ በጋዛ ተኩስ እንዲቆም ጠይቋል» ሲል፣ ሌላው የተኩስ አቁም ጥያቄው ውድቅ መደረጉን የሚያሳይ የዜና ምስል ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ብዙውን ጊዜ ስድብ ነው፤ ነገር ግን አራቱም ተናጋሪዎች የተናገሩት እውነት ነው። የተለያዩት በአንድ ስም ስለሚጠሩ ልዩ ልዩ አካላት ወይም በልዩ ልዩ ቀን ስለተሰጡ ውሳኔዎች እየተናገሩ መሆናቸውን ስላላስተዋሉ ብቻ ነው።

ይህ ማብራሪያ በየትኛውም ጦርነት ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይዳኝም። የሚያስረዳው ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ውሳኔ እንደሚያስገድድና የትኛው እንደማያስገድድ፣ ይህ አሠራርም ከየት እንደመጣ ነው። የውጭ ክንውኖችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» የተጨመረባቸውን ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

«ተመድ አለ» ሲባል የተናገረው ማን ነው?

ተመድ መንግሥት አይደለም፤ የራሱ ጦርም ሆነ ፖሊስ የለውም። በጁን 26 ቀን 1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተፈረመ፣ ቻርተር የሚባል መተዳደሪያ ያስተሳሰራቸው አገሮች ማኅበር ነው። ኢትዮጵያ ከ51ዱ መሥራች አባላት አንዷ ስትሆን፣ ዛሬ የአባላቱ ቁጥር 193 ደርሷል። ሰማያዊ ቆብ ያጠለቁት ሰላም አስከባሪዎችም የተመድ ወታደሮች ተብለው ይጠሩ እንጂ፣ ኢትዮጵያ ለአብዬ እንደላከቻቸው ሁሉ፣ አባል አገሮች ከራሳቸው ሠራዊት ቀንሰው የሚያዋጧቸው ናቸው።

ስለ ጦርነት በሚነሡ ዜናዎች በዋናነት የሚጠቀሱት ሁለት ጉባኤዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ በዚያ ቻይናም ሆነች ጅቡቲ እኩል አንድ ድምፅ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ስለ ሰላምና ጸጥታ የሚያሳልፈው ውሳኔ ምክረ ሐሳብ ነው፤ ማንንም አያስገድድም። ሁለተኛው የጸጥታው ምክር ቤት ነው። እርሱ 15 አባላት ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በቻርተሩ አንቀጽ 25 መሠረት ውሳኔውን ሁሉም የተመድ አባላት ለመቀበልና ለመፈጸም ቃል ገብተዋል። ማዕቀብ መጣል፣ የጦር መሣሪያ ሽያጭ መከልከል፣ ሲብስም የጦር ኃይል እንዲዘምት መፍቀድ የሚችለው ይህ ምክር ቤት ነው። ከእነዚህ ጎን የዋና ጸሐፊው መግለጫ አለ፤ የእርሳቸው ቃል ብዙ ጊዜ «ተመድ አወገዘ» በሚል ርእስ ቢዘገብም፣ የየትኛውንም አገር ድምፅ አይወክልም።

ከ15ቱ መቀመጫዎች አምስቱ የአሜሪካ፣ የሩሲያ፣ የቻይና፣ የብሪታንያና የፈረንሳይ ቋሚ ንብረት ናቸው። የቀሩት አሥሩ በጠቅላላ ጉባኤው እየተመረጡ ለሁለት ለሁለት ዓመት የሚቀመጡባቸው ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያም በ1967 እና 1968፣ በ1989 እና 1990፣ በመጨረሻም በ2017 እና 2018 ተቀምጣባቸዋለች።

ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት እንዴት ይሠራል?

በጸጥታው ምክር ቤት አንድ የውሳኔ ሐሳብ እንዲጸድቅ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ቢያንስ ዘጠኝ የድጋፍ ድምፅ ማግኘት፣ እንዲሁም ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱም «አልደግፍም» ብሎ ድምፅ አለመስጠቱ። ከአምስቱ አንዱ ከተቃወመ አሥራ አራቱ ቢደግፉም ሐሳቡ ይወድቃል። ቪቶ ወይም ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት የሚባለው ይኸው ነው።

ክርክሮቹ የሚያልፉት አንድ ትልቅ ነጥብ አለ፤ ድምፀ ተአቅቦ፣ ማለትም ከመደገፍም ከመቃወምም መቆጠብ፣ ድምፅን መሻር አይደለም። ቋሚ አባል ሐሳቡን ባይወደውም እንዲያልፍ ሊተወው ይችላል። በማርች 25 ቀን 2024 የሆነው ይኸው ነው፤ በረመዳን ወር በጋዛ ተኩስ እንዲቆም የሚጠይቀው ውሳኔ ቁጥር 2728 በ14 ድጋፍ ሲጸድቅ አሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋ ነበር። ያቺው አሜሪካ በዲሴምበር 8 ቀን 2023 ለቀረበው ተመሳሳይ ጥያቄ 13 አባላት ድጋፍ ሲሰጡና ብሪታንያ ስትቆጠብ ብቻዋን ተቃውማ ሽራዋለች። በክርክር ላይ «ተመድ ጠየቀ» እና «ተመድ ውድቅ አደረገ» የሚሉት ሁለቱ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት የተለያየ ቀን ዜና ነው።

በዩክሬን በኩልም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጦርነቱ በተጀመረ ማግሥት፣ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022፣ ሩሲያ ጦሯን እንድታስወጣ የሚጠይቀውን ሐሳብ 11 አባላት ደገፉት፤ ቻይና፣ ሕንድና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ተቆጠቡ፤ ሩሲያ ተቃወመች፤ ሐሳቡም ወደቀ። እዚህ ላይ አንባቢ «ተከሳሹ ራሱ እንዴት ዳኛ ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቻርተሩ በአንቀጽ 27 የክርክሩ ባለጉዳይ የሆነ አገር ድምፅ ከመስጠት እንዲቆጠብ ያዝዛል፤ ትእዛዙ ግን የሚመለከተው አለመግባባትን በሰላም ስለመፍታት የሚሰጡ ውሳኔዎችን እንጂ ኃይል ወይም ማዕቀብ የሚጠይቁትን አይደለም። የሚመለከታቸውንም ቢሆን አገሮቹ ለረጅም ዘመን ችላ ሲሏቸው ኖረዋል፤ ሌሎቹም ነግ በእኔ ስለሚሉ አጥብቀው አይጠይቁም።

በዚህ መብት አብዝቶ የተጠቀመው ማን እንደሆነ የሚደረገው ክርክርም መልስ አለው። በድምሩ ቀዳሚዋ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና መቀመጫዋን በ1991 መጨረሻ የወረሰችው ሩሲያ ናት፤ ሁለተኛዋ አሜሪካ ናት፤ እርሷም የመጀመሪያውን የተጠቀመችው በ1970 ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ ከ1989 ወዲህ አንድም ጊዜ አልተጠቀሙበትም። ሁለቱም ወገን የሌላውን ብቻ መቁጠሩ የክርክሩ ጠባይ ነው።

እንዲህ ያለ ሕግ ለምን አወጡ?

ይህን ለመረዳት ከተመድ በፊት የነበረውን የመንግሥታት ማኅበር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ የሚባለውን። የእርሱ ታሪክ ለሰሜን ሸዋ ሰው የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ማኅበሩ የተመሠረተው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ መተዳደሪያው አብዛኛውን ከበድ ያለ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ እንዲያልፍ ያዝዝ ነበር። ይህም ማለት ድምፅን የመሻር መብት ለአምስት ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ አባል ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ኃያላኑም ቢሆኑ ሁሉም በውስጡ አልነበሩም፤ አሜሪካ ከመነሻው አልገባችም፣ ጃፓንና ጀርመን በ1933 መውጣታቸውን አስታወቁ።

ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ማኅበሩ ዝም አላለም፤ ወራሪዋን በስም ጠርቶ ጥፋተኛ አደረገ፤ በኖቬምበር 18 ቀን 1935 የጀመረ ማዕቀብም ጣለ። ነገር ግን ማዕቀቡ ነዳጅን፣ የድንጋይ ከሰልንና ብረትን አላካተተም፤ የሱዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። የሚዘምት ሠራዊት ነዳጅና መንገድ ካልተከለከለ ሌላው ክልከላ ብዙም አይጎዳውም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን አስከፍተው ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ሲሰጉ፣ ጃንሆይ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ተገኝተው አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ እንኳ በቀጣዩ ወር ማዕቀቡ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት የቀረው መከላከል ራስ አበበ አረጋይን በመሳሰሉ መሪዎች ሥር በመንዝ፣ በተጉለት፣ በመርሐቤቴና በቡልጋ ለነበሩት አርበኞች ተተወ። በ1925 በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት በጦርነት ላይ መርዝ ጋዝን መጠቀም ከልክሎ ነበር፤ ኢጣልያም ተቀብላዋለች። ይህም ሆኖ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው ሥፍራ ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉትን አርበኞችና ከእነርሱ ጋር የነበሩ ሴቶችና ሕፃናትን በመርዝ ጋዝ አጥቅቷል፤ እጃቸውን የሰጡትንም ገድሏል። ሕጉ ተጽፎ ነበር፤ አስፈጻሚ ግን አልነበረውም።

የተመድ መሥራቾች ከዚህ የተማሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁሉም አባል የመሻር መብት ካለው ምንም አይወሰንም፤ ስለዚህ መብቱን ወደ አምስት አጠበቡት። ሁለተኛ፣ ኃያላኑ ከውጭ ከቀሩ ማኅበሩ ባዶ ነው፤ ስለዚህ በማናቸውም ዋጋ በውስጥ ማቆየት አለባቸው። በአንድ ሰፈር እድር ሲቋቋም ከጎረቤቶቹ ሁሉ ጠመንጃ ያላቸው አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው እንበል፤ ድንኳኑና ድስቱም የእነርሱ ነው። እድሩ በደምብ ከአምስቱ አንዱን በኃይል እንዲያስገድድ ቢፈቀድለት፣ የሚገደደው ሰው ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል፤ ወይም ደግሞ ከሌሎቹ አራት ጋር ተኩስ ይከፍትና ሰፈሩ በሙሉ ይነድዳል። የመሻር መብት የተጻፈው እድሩ እንዳይፈርስና አምስቱ እርስ በርስ እንዳይታኮሱ እንጂ ፍትሕ ይስፈን ተብሎ አይደለም። ከ1945 ወዲህ ሦስተኛ የዓለም ጦርነት አለመነሣቱን ለዚህ ሕግ የሚሰጡ አሉ፤ እኔ ከሕጉ ይልቅ የኑክሌር ፍርሃቱ የበለጠ ሠርቷል እላለሁ፤ ነገር ግን ዓላማው ያ እንደነበር አከራካሪ አይደለም።

ትንንሾቹ አገሮች በሳን ፍራንሲስኮ አጥብቀው ተቃውመው ነበር፤ በግንባር ቀደምነት አውስትራሊያ። የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ የመሻር መብት ከሌለ ቻርተርም የለም። የአሜሪካው ሴናተር ቶም ኮናሊ የረቂቁን ቅጂ በጉባኤተኞቹ ፊት ቀድደው፣ መብቱን የሚጥል ቻርተሩን እንዲህ እንደሚቀድድ አሳይተዋቸዋል።

ምክር ቤቱ ሲታሰር ጠቅላላ ጉባኤው ምን ያደርጋል?

መንገዱ የተከፈተው በኮሪያ ጦርነት ነው። በጁን 1950 ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወር የጸጥታው ምክር ቤት ደቡብ ኮሪያን ለመርዳት ጦር እንዲላክ መወሰን የቻለው ባልተጠበቀ አጋጣሚ ነበር፤ የቻይና መቀመጫ በታይዋን መያዙን በመቃወም የሶቪየት ልዑክ ስብሰባዎቹን ረግጦ ወጥቶ ስለነበር፣ የሚሽር ሰው አልነበረም። የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተው በዚያ ውሳኔ መነሻነት ነው። በጄኔቫ የጋራ መከላከያ ተነፍጓት የነበረች አገር ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለሌላ አገር የጋራ መከላከያ ሠራዊት ላከች። የሶቪየት ልዑክ በኦገስት ተመልሶ ገባ፤ የሚሽር ስለተገኘም ምክር ቤቱ ታሰረ፣ መወሰን አቃተው።

በዚህ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤው በኖቬምበር 3 ቀን 1950 ውሳኔ ቁጥር 377ን አሳለፈ፤ ምክር ቤቱ በቋሚ አባላቱ አለመስማማት ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ጉባኤው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ምክረ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል የሚል። በ1956 ብሪታንያና ፈረንሳይ በሱዌዝ ጉዳይ ምክር ቤቱን ሲያስሩት ይህ መንገድ ውጤት አስገኝቷል። በ2022ም የዩክሬን ጉዳይ በዚሁ በር ወደ ጉባኤው ተላለፈ፤ ጉዳዩን ወደ ጉባኤ መምራት የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ስለሆነ ሩሲያ ልትሽረው አልቻለችም።

በማርች 2 ቀን 2022 የተገኘው ውጤት 141 ድጋፍ፣ 5 ተቃውሞና 35 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ከጎረቤቶቻችን ኬንያና ጅቡቲ ደገፉ፣ ሱዳን ተቆጠበች፣ ኤርትራ ተቃወመች። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ድምፅ አልሰጠችም፤ ከ12ቱ ያልተገኙ አገሮች መካከል ነበረች። ከአንድ ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 7፣ ሩሲያ ከሰብአዊ መብት ምክር ቤት እንድትታገድ በ93 ድምፅ ሲወሰን ግን ኢትዮጵያ ከተቃወሙት 24 አገሮች አንዷ ሆናለች። «ኢትዮጵያ ከማን ጎን ቆመች?» በሚለው ጥያቄ የሚከራከሩ ሰዎች አንዱን ድምፅ ብቻ ይዘው የሚሟገቱት ሁለቱን ስለማይለዩ ነው፤ አለመገኘት፣ መቆጠብና መቃወም በዲፕሎማሲ ሦስት የተለያዩ መልእክቶች ናቸው።

141 ድምፅ ጦርነቱን አላስቆመም፤ ሊያስቆምም አይችልም ነበር፤ ምክረ ሐሳብ ነውና። የሚጠቅመው ሌላ ነገር አለ። አንድ አገር ስንት ወዳጅ እንደቀረው በግልጽ ያሳያል፤ ማዕቀብ ለሚጥሉ አገሮች ማስረጃ ይሆናል፤ በኋላ ለሚመጣ ድርድርም መነሻ ያስቀምጣል። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ደግሞ ማንኛውም ቋሚ አባል ድምፅን በሻረ ቁጥር ጠቅላላ ጉባኤው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ተሰብስቦ እንዲወያይበት ተወስኗል፤ የሻረውም አገር ምክንያቱን በጉባኤው ፊት እንዲያስረዳ ይጠበቃል። ሽረቱ እንዳለ ይቀራል፤ በዝምታ ግን አያልፍም።

መግለጫ ከውሳኔ ይለያል?

በጣም ይለያል፤ ይህን ልዩነት በአባይ ግድብ ጉዳይ አይተነዋል። የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ሕዳሴው ግድብ በጁን 2020 እና በጁላይ 2021 ተሰብስቧል፤ በሁለተኛው ጊዜ ቱኒዝያ የውሳኔ ረቂቅ አዘጋጅታ የነበረ ቢሆንም ለድምፅ አልቀረበም። በሴፕቴምበር 15 ቀን 2021 የወጣው የፕሬዚዳንቱ መግለጫ የሚባለው ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ በድምፅ አይጸድቅም፤ 15ቱም አባላት በቃላቱ ከተስማሙ በወሩ ሊቀመንበር ስም ይነበባል። በጦርነትና በማዕቀብ ላይ የሚሰጠውን ውሳኔ ያህል የሚያስገድድ ኃይል የለውም።

በዚያ ሳምንት በአገራችን የቴሌግራም ቻናሎች አንዱ ወገን «የጸጥታው ምክር ቤት በኢትዮጵያ ላይ ወሰነ»፣ ሌላው «ግብጽ ተሸነፈች» ሲል ሰነበተ። ሰነዱን ያነበበ ሰው ያገኘው ሁለቱንም አልነበረም፤ ሦስቱ አገሮች በአፍሪካ ኅብረት መሪነት ድርድሩን እንዲቀጥሉ ያበረታታል፤ ከዚያም በሌሎች ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ለሚነሡ ክርክሮች መርሕም ሆነ ምሳሌ እንደማያስቀምጥ ራሱ ይናገራል። እንዲህ ባለ ሰነድ ውስጥ ግሱን መመልከት ይበጃል፤ «ያበረታታል» እና «ያሳስበዋል» የሚሉት ቃላት «ይወስናል» ከሚለው እጅግ ይርቃሉ። ሰነዶቹ ደግሞ በተመድ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፤ ከቲክቶክ ቪዲዮ ይልቅ የሁለት ገጹን ጽሑፍ ማንበብ ጊዜ ይቆጥባል።

ሁለቱ የሄግ ፍርድ ቤቶችስ?

ሁለቱም በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ በመሆናቸው ብቻ ዘወትር ይምታታሉ። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የተመድ አካል ሲሆን፣ የሚዳኘው አገርን ከአገር ጋር ነው፤ ማንንም ሰው አያስርም። ደቡብ አፍሪካ በዲሴምበር 2023 እስራኤልን የከሰሰችው በዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ግን ከተመድ ውጭ በሮም ስምምነት የተቋቋመና ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚከሰው ግለሰቦችን ነው፤ በማርች 2023 በፕሬዚዳንት ፑቲን ላይ፣ በኖቬምበር 2024 ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ እስራኤልም ሆነች ኢትዮጵያ የዚህ ፍርድ ቤት አባል አይደሉም። ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ስለሌለው ተፈላጊውን የሚይዙለት አባል አገሮች ናቸው፤ ፑቲን በሴፕቴምበር 2024 አባል የሆነችውን ሞንጎሊያን ጎብኝተው ሳይያዙ ተመልሰዋል።

የፍትሕ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በሕግ አስገዳጅ ነው። አገሩ እምቢ ቢልስ? ጉዳዩ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ይሄዳል፤ በዚያም የመሻር መብት ይጠብቀዋል። ኒካራጓ በ1986 አሜሪካን ከስሳ ካሸነፈች በኋላ ፍርዱ እንዲፈጸም ምክር ቤቱን ስትጠይቅ አሜሪካ ሽራዋለች። ፍርድ ቤቱ በማርች 2022 ሩሲያ ጦርነቱን እንድታቆም ሲያዝም እንዲሁ ያስፈጸመው የለም።

ከዚህ በመነሣት ፍርድ ቤቱ ከንቱ ነው ማለት ግን የኢትዮጵያን የራሷን ታሪክ መዝለል ይሆናል። በኖቬምበር 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው ምድር የዘር መድልዎ ስለምታካሂድ ደቡብ አፍሪካን በዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በጁላይ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ተጨማሪ ድምፅ ሲታከልበት ክሱ ወደቀ። ምክንያቱም ሁለቱ አገሮች በጉዳዩ ላይ የሚያስከስስ የራሳቸው መብት የላቸውም የሚል ነበር። ውሳኔው ግን አፍሪካንና እስያን እጅግ አስቆጣ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ጠቅላላ ጉባኤው ደቡብ አፍሪካ በምድሪቱ ላይ የነበራትን ሞግዚትነት አቋረጠ፤ በ1971 ፍርድ ቤቱ ራሱ ይዞታዋ ሕገ ወጥ ነው የሚል አስተያየት ሰጠ፤ ናሚቢያም በማርች 1990 ነጻ ወጣች። የተሸነፈ ክስ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የት እንደሚደርስ ለሚያይ ሰው ይህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ግማሹ ፖለቲካ፣ ግማሹ ትዕግሥት መሆኑን ሳንረሳ።

ይህ ሁሉ ለሞረትና ጅሩ ገበሬ ምኑ ነው?

ኢትዮጵያ ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ትገዛለች፤ ማዳበሪያዋንም እንዲሁ። ሩሲያ ከዓለም ትላልቅ የማዳበሪያ ላኪዎች አንዷ ስትሆን፣ ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የጋዝ ዋጋ በአውሮፓ ሲንር የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ እነዋሪ ድረስ ይሰማል። ዩክሬንና ሩሲያ ለዓለም ገበያ የሚያቀርቡት ስንዴ በጥቁር ባሕር ሲታገድ ደግሞ በእርዳታም ሆነ በግዢ የሚገባው እህል ይወደዳል።

የጸጥታው ምክር ቤት በታሰረበት በዚያ ጊዜ የተመድ ዋና ጸሐፊ ከቱርክ ጋር ሆነው በጁላይ 22 ቀን 2022 ኢስታንቡል ላይ የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነትን አስፈረሙ። በዚያ ስምምነት 23 ሺህ ቶን ስንዴ የጫነች ብሬቭ ኮማንደር የምትባል መርከብ በኦገስት መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች፤ ጭነቱ ለኢትዮጵያ እርዳታ የሚውል ነበር። ሩሲያ በጁላይ 2023 ከስምምነቱ እስክትወጣ ድረስ ወደ 33 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እህል በዚያ መንገድ ተጓጉዟል። «ተመድ ምንም አልሠራም» የሚለው አባባል ይህን ይዘልለዋል፤ አንዱ አካሉ ሲታሰር ሌላው ሊንቀሳቀስ ይችላልና።

ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃታቸውም ጅቡቲን ዋና በር ላደረገች አገር ቀላል ነገር አልነበረም። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ጥቃቱ እንዲቆም ሲወስን 11 ደገፉ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ አልጄሪያና ሞዛምቢክ ተቆጠቡ፤ ማንም አልሻረም። አምስቱ ጥቅማቸው ሲገጥም ወይም ቢያንስ ሳይጋጭ ሲቀር ምክር ቤቱ እንዲህ በቶሎ ይወስናል።

ሕጉ ሊለወጥ ይችላል?

ይችላል፤ አንድ ጊዜም ተለውጧል። ምክር ቤቱ መጀመሪያ 11 አባላት ነበሩት፤ ብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ነጻ ከወጡ በኋላ በ1963 ተወስኖ በ1965 ወደ 15 አደገ። የመሻር መብቱን ግን የነካው የለም። የአፍሪካ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ ለአህጉሪቱ የመሻር መብት ያላቸው ቢያንስ ሁለት ቋሚ መቀመጫዎችና አምስት ተለዋጭ መቀመጫዎች ይሰጡ ሲል ይጠይቃል። አሜሪካ በሴፕቴምበር 2024 ሁለት ቋሚ የአፍሪካ መቀመጫዎችን እንደምትደግፍ አስታውቃለች፤ የመሻር መብት ግን አይጨመርባቸውም ብላለች። የትኞቹ ሁለት አገሮች ይቀመጡ የሚለውን አፍሪካውያን ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም፤ በየገጹ «ኢትዮጵያ፣ ናይጄሪያ ወይስ ደቡብ አፍሪካ?» እየተባለ የሚደረገው ሙግትም ከዚያ የተለየ አይደለም።

ቻርተሩን ለማሻሻል የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ በጉባኤው ድምፅ መስጠት፣ ከዚያም የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ በየአገራቸው ሕግ ማጽደቅ አለባቸው፤ ከሚያጸድቁት መካከል አምስቱ ቋሚ አባላት ሁሉም መገኘት ግዴታ ነው። ስለዚህ የመሻር መብት እንዲቀር የሚቀርበውን ማንኛውንም ማሻሻያ ከአምስቱ አንዱ ባለማጽደቅ ብቻ ሊያስቀረው ይችላል።